ያልተነፋ ድምፅ

ያፌት ቃላትን ሁሉ አይፈራም ነበር። የሚይዘው በ‹አ› ቤት የሚጀምር ቃል ብቻ ነው። ‹ውሃ› ብሎ ይጠይቃል፤ ‹እሳት› ማለት ሲኖርበት ግን ጉሮሮው ይቆለፋል፣ ዐይኑ አንድ ቦታ ላይ ይተከላል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ሁሉ አብሮት ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ የወደደ ጊዜ ታዲያ ስሟ ኤልዳና ሆኖ ተገኘ። ‹አንቺ› እንዳይላት እሱም በ‹አ› ነው። ስለዚህ ለወራት እሷን የሚጠራበት ቃል አልነበረውም፤ መጥቶ ፊት ለፊቷ ይቆምና ቀና እስክትል ይጠብቃል።

ኤልዳና ያንን ዝምታ ወደደችው። ሌሎቹ ወንዶች ቃል ከአፋቸው ሲቀድማቸው እሱ አንዲት ስም ለማውጣት ሲታገል ዐይኑን ከዐይኗ አይነቅልም ነበር። ስሟን መጀመሪያ ሙሉውን የጠራት ዕለት አልቸኮለችም፣ አላገዘችውም፣ ቃሉን ከአፉ አልነጠቀችውም። በዓመቱ ተጋቡ።

ከተጋቡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ያፌት በዳሎል የጨው ሜዳ ላይ በተሠራው የማዕድን ከተማ ለሦስት ዓመት ሊሠራ ተፈራረመ። ፀሐዩ ስለማይቻል ሰዎቹ የሚኖሩት ከመሬት በታች ነው። ከፈረቃ ሲወጣ በየምሽቱ ይደውላል። ኤልዳናም በየምሽቱ ትጠብቃለች፤ እራቷን ከጥሪው በፊት አትበላም፣ ከጎረቤት ተጠርታ ብትሄድ እንኳ በጊዜ ትመለሳለች።

የመጀመሪያውን ጥሪ ስታነሳ፣ «ኤልዳና፣ እንደምን አመሸሽ?» አላት። እንደ ዜና አንባቢ፤ ቃሉ ሳይሰናከል፣ ስሟ ሳይሰበር። ድምፁ የራሱ ነው፤ የሚናገረው ግን ሌላ ሰው መሰላት።

ወንፊቱ ነበር። በዚያ ዘመን ስልክ ሁሉ ከፋብሪካ የሚወጣው ከነወንፊቱ ነው። አምራቾቹ የሚጠሩበት ረጅም ስም ነበረው፤ ሕዝቡ ግን ወንፊት ብሎት ቀረ። የሚነጋገሩ ሰዎችን ድምፅ ይነፋል፤ ሳሉ፣ ነፋሱ፣ የመኪናው ጩኸት፣ የሕፃኑ ለቅሶ፣ ሲቃው፣ መንተባተቡ እላይ ይቀራል፣ ጥሩ ጥሩው ያልፋል። ማጥፊያ የለውም። ብዙው ሰው ማጥፊያ ይኖረው ይሆን ብሎ አስቦም አያውቅ።

ያፌት መጀመሪያ ላይ በጣም ተደስቶ ነበር። በዕድሜው እንደዚያ ተሰምቶ አያውቅም። በስልክ ተረበኛ ሆነ፤ ወግ ያወጋል፣ ይከራከራል፣ እናቷን ሳይቀር በቀልድ ያስቃል። ኤልዳና ደስ አላት፤ ደስታውን ለምን ትከለክለዋለች? አንዳንድ ቀን ግን ስልኩን ዘግታ ስትቀመጥ ከእንግዳ ጋር ያመሸች ይመስላት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ለጥቂት ቀናት ዕረፍት መጣ። በሩ ላይ ሻንጣውን እንደያዘ አፉን ከፈተ፤ ከበፊቱ ይልቅ ባሰበት። ቃሉ ሲይዘው ፊቱ በሃፍረት ይጠቁራል፤ ጀምሮ ይተወዋል፣ በእጁ ያመለክታል። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ራሴን አሞኛል ብሎ ይተኛል። ኤልዳና እንደ ጥንቱ ጠበቀችው፤ እሱ ግን መጠበቋን አልታገሠም።

ሊሄድ ሲል፣ በዋዜማው ከምሳ በኋላ፣ ወደ ግቢው ወጣ። ኤልዳና ወጥ ቤት ሳለች ስልኳ ጠራ። የደወለው እሱ ነው። በመስኮቱ ታየዋለች፤ ፓፓያው ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«ኤልዳና፣ እንዲህ ስላስቸገርኩሽ አትዘኚብኝ» አለ ድምፁ በጆሮዋ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ። «እኔ የምፈልገውን ሁሉ የምነግርሽ እዚህ ላይ ነው።»

በመስኮቱ በኩል ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ አንገቱ ሲገተር ታያለች። ያንን ድምፅ ለመስማት ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ሰጠች። ነገር ግን ሁለቱንም ጆሮዋን የደፈነው የስልኩ ማዳመጫ ያፌትን ከያፌት ለይቶ፣ የግቢውን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ዋጠው። ዐሥር እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ባሏ ሲናገር አንዲትም የራሱን ድምፅ ሳትሰማ ቀረች። በማግሥቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ የሚመጣው ጥሪ ናፍቆቷን አላስታገሠውም፤ ይብሱን አባሰው። የናፈቃት ሰው በየቀኑ ይደውልላታል፤ የናፈቃት ድምፅ ግን አይመጣም። ለማን ይነገራል ይህ? ለሥራ ጓደኛዋ ብትነግራት፣ ባልሽ ተሻለው እኮ፣ ምን ጎደለሽ አለቻት።

ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ሒክማ የምትባል ሴት አለች። ከፊት ማቀዝቀዣ ትጠግናለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ፋብሪካው የቆለፈውን ስልክ ትከፍታለች። ኤልዳና አንድ የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ ሄደች። ሒክማ በአምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ስትናገር እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ወንፊቱ የሚቀመጠው በሰሚው ስልክ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የባልሽን መንካት አያስፈልግም፣ የአንቺ ብቻ ይበቃል አለቻት። ኤልዳና ሌላው ሰው ለምን እንደሚያስከፍት ጠየቀቻት። አንዱ ስልኩ ለአሠሪው ወሬ እንዳያቀብልበት ይመጣል አለች ሒክማ፤ ሌላዋ የምትሄድበትን መንገድ ራሷ ለመምረጥ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ነበሩ፤ ልባቸውን የምትጠብቀው መሣሪያ አርጅታለች ተብሎ ከስልካቸው ጋር እንዳትነጋገር ተደርጋ ነበር። ከፈተችላቸው፤ ዛሬም በእግራቸው ለሶላት ይወጣሉ።

ከዚያ ጉዳቱንም ነገረቻት፣ ሳትደብቅ። የተከፈተ ስልክ በከተማው ዘንድ ባዕድ ነው። የቤት በር፣ የውሃ ቧንቧ፣ ባጃጅ፣ የፋብሪካ በር፣ ክሊኒክ፣ በስልክ የሚከፈተው ሁሉ ፊቱን ያዞርብሻል። ከዚህም የሚከፋ አለ። አንዲት ደንበኛዋ ስልኳ በተከፈተ በወሩ የማይታወቁ ሰዎች ገቡበትና በእሷ ድምፅ ልጆቿን ሲያታልሉ ሰነበቱ። ልጆቿ እስከ ዛሬ እናታቸው ስትደውል አያነሱም።

«እህቴ፣ እኔ መክፈት እችላለሁ፤ መዝጋት ግን አልችልም» አለቻት ሒክማ። «በር ከተከፈተ ደግሞ ለባለቤቱ ብቻ አይከፈትም። ቤትሽ ገብተሽ አስቢበት።»

ኤልዳና ቤቷ ገብታ አሰበች። ቧንቧውን፣ የፋብሪካውን በር፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራችበትን ማሽን አሰበች። ከዚያ ሰንበት ሲደርስ ወደ ገበያው ተመለሰች። ሒክማ ድጋሚ አልጠየቀቻትም፤ ስልኩን ተቀብላ ከፈተችው።

የዚያን ዕለት ምሽት ስልኩ ሲጠራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አነሳችው። መጀመሪያ የሰማችው ነፋስ ነው፤ በረጅም ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ፣ የማያቋርጥ የማራገቢያ ነፋስ። ከሩቅ ብረት ይመታል፤ ወንዶች ይጯጯሃሉ። ከዚያ ትንፋሽ።

«ኤ…» አለ።

ኤልዳና አፏን በመዳፏ ያዘች። ይህ ዝምታ ምን ያህል ረጅም እንደነበረ ረስታው ኖሯል። ውስጡ ሆና ጠበቀች፤ እንደ ጥንቱ፣ ሳትቸኩል። ስሟ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዕንባዋ ወርዶ ነበር፤ ያፌት ግን የሱ ስልክ ስላልተከፈተ ያንን አልሰማም። «ደስ ያለሽ ትመስያለሽ ዛሬ» አላት። እውነትም ደስ ብሏት ነበር።

ሳሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቆርቆሮ በጠጠር ላይ ሲጎተት እንደሚሰማው ዓይነት፣ ከሥር የሚነሳ፣ ሰውየውን አንገላቶ የሚለቅ ደረቅ ሳል። አሳለ፣ አሳለና ሲጨርስ ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ። ይቅርታ እንኳ አላለም፤ ወንፊቱ እንደሚያስቀርለት ያውቃል። ስለ ምሳው ሲነግራት ሁለቴ ሳለ። ደህና እደሪ ሲላት አንዴ። ከጀርባው ሌሎች ወንዶችም ያስላሉ፤ እነሱም በየስልካቸው ደህና ነን እያሉ።

ለጥቂት ቀናት ምንም ሳትነግረው ሰማችው። ስልኳን ያስከፈተች ዕለት የቤቷ በር ስላላወቃት በጎረቤት አጥር ተሻግራ ገብታ ነበር፤ በነጋታው የበሩን መቆለፊያ ነቅላ ጣለችው። ውሃ በጀሪካን ከጎረቤት ቀዳች። ፋብሪካው በር ላይ ቀዩ መብራት በርቶ ከኋላዋ የተሰለፉት ማጉረምረም ሲጀምሩ ዞር ብላ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ማንም ምን ሆንሽ ብሎ አልጠራትም። ምሽት ምሽት ግን የባሏ ድምፅ ከነነፋሱ፣ ከነመሰናከሉ ይመጣል። ይህን ከማንም ከምንም ጋር አትለውጠውም ነበር፣ ሳሉ ባይኖር። ሳሉ ግን በየዕለቱ ከፋ።

«ያፌት፣ ሳል ከጀመረህ ስንት ጊዜህ ነው?» አለችው አንድ ምሽት።

ዝም አለ። ይህ ዝምታ ሌላ ነው፤ ለየችው።

«የምን ሳል?»

«ስልኬን አስከፍቼዋለሁ። እሰማሃለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከሰንበት ወዲህ።»

«እ… እ… እንደዚህ ሆኜ?» አለና ስልኩን ዘጋው።

በማግሥቱ አልደወለም። በሦስተኛውም። ብትደውል አይነሳም። ኤልዳና በዚያ ሰሞን ሥራም የላት፣ ከቤት መውጣትም አልቻለችም፤ ስልኩን ከፊቷ አስቀምጣ ትውላለች። ምነው ባልተናገርኩ አለች። ምነው ዝም ብዬ በሰማሁት፣ እሱም ባላወቀ። ደግሞ ሳሉ ትዝ ሲላት ምነው ቀድሜ በተናገርኩ ትላለች።

ከቀናት በአንዱ፣ ፀሐይ ገና ሳትከር፣ ስልኩ ጠራ። ያፌት ነው።

«ታ… ታ… ታምሜያለሁ» አለ ድምፁ። «ሆ… ሆስፒታል ገብቻለሁ። ቶ… ቶሎ መታከሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። እባክሽ ኤልዳና፣ ዐይንሽን ለስልኩ አሳዪው።»

ተንገብግባ ተነሳች። ስልኩን ወደ ፊቷ አነሳችው። ድምፁ የሱ ነው፤ ጎርነን ያለው መጨረሻው፣ ‹ያስፈልጋል› ሲል የምትጠብቀው ላላ ማለቱ፣ ሁሉ የሱ ነው። ዐይኗን ልትሰጥ ስትል የሆነ ነገር ቀፈፋት። ‹ታምሜያለሁ› በ‹ታ› ነው። ‹ሆስፒታል› በ‹ሆ›። ያፌት በእነዚህ ተሰናክሎ አያውቅም። ስሟን ደግሞ እንደ ውሃ ጠጥቶት አለፈ። ሒክማ ያለቻቸው የማይታወቁ ሰዎች የሚንተባተብ ሰው ሠርተው ነው የላኩላት፤ መንተባተብ ሁሉ አንድ መስሏቸው።

ስልኩን ዘግታ ባትሪውን አወጣችው። ያስፈራት መታለሏ አልነበረም። ያንን የሐሰት ድምፅ ስትሰማ ልቧ በደስታ መዝለሉ ነው ያስፈራት። ከእንግዲህ በዚህ ዕቃ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ፣ የእውነቱም ቢሆን፣ ልታምነው አትችልም። የቀራት ሄዶ ማየት ብቻ ነበር።

አውቶቡስ አይጭናትም፤ ባቡርም እንዲሁ። ሐንፈሬ የሚባል የአፋር ሰው፣ ቁልፉ ብረት የሆነ አሮጌ የጨው መኪና የሚነዳ፣ ባዶውን ወደ ላይ ሲመለስ ጋቢና ውስጥ አስቀመጣት። ወዴትና ለምን እንደምትሄድ ሲሰማ የማዕድኑ ከተማ አይደለም የምትሄጂው አላት። የሚያስሉትን ኩባንያው ሰመራ ዳር በሠራው ማገገሚያ ያስቀምጣቸዋል፤ ባልሽም እዚያ ነው የሚገኘው አላት። ሚሌን አልፈው ሰመራ ደረሱ። ሲለያዩ፣ «አላህ ከነነፍሱ ያገናኝሽ» አላት።

ማገገሚያው ሰፊ ግቢ ነው፤ በዳስ ተሸፍኗል። በር ላይ ያለው ዘበኛ ስልኳን አይቶ አላወቃትም፤ ፊቷን አይቶ ግን አስገባት። ከሰዓት ነበርና ወንዶቹ በየአግዳሚው ተቀምጠው ቤተሰቦቻቸውን ያናግራሉ። ኤልዳና ቆማ አየቻቸው። አንዱ ራሰ በራ፣ «ሥራ ላይ ነኝ የኔ ልጅ፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ ከዚያ ስልኩን ሳያርቅ ፊቱ ደም እስኪመስል ድረስ ያስላል፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ ይቀጥላል። ከጎኑ ያለውም እንዲሁ። ከዚያም ወዲያ ያለው። ግቢው በሙሉ በሳል ይናወጣል፤ ከእያንዳንዱ ስልክ ማዶ ደግሞ አንዲት ሚስት ወይም አንድ ልጅ፣ ጥርት ያለ ጤነኛ ድምፅ ይሰማል።

ራሰ በራው ስልኩን ሲዘጋ አያት። ለማን እንደመጣች፣ እንዴት እንዳወቀች ጠየቃት። ነገረችው።

«እህት፣ የኔዋን ካገኘሻት ስልኳን እንዳታስከፍት» አላት። «አደራ።»

ያፌት ከወደ ዳር፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ያን ምሽት ከዘጋባት ጀምሮ ስልኩን አልነካውም። ሲያያት ሊነሳ ሞከረና አቃተው። አጠገቡ ተቀመጠች፣ እጁን ያዘች። ምንም ሳትጠይቀው ጠበቀችው።

በኋላ ለምን እንደደበቃት ነገራት፤ ቃሉ እየያዘው፣ ሳሉ እያቋረጠው። ታምሟል ከተባለ ውሉ ይቋረጣል፣ ይህ አንዱ ነው። ዋናው ግን እሱ አልነበረም።

«በስልኩ ውስጥ ደህና ሰው ነበርኩ» አላት። «ሲሰሙኝ… ሰው ሁሉ ሲሰማኝ። እ… እሱን ሰው ላጣው አ… አልፈለግሁም።»

«እኔም ወድጄው ነበር» አለችው ኤልዳና። «ጨዋታ ያውቃል። ግን ያገባሁት እሱን አይደለም።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ጀርባውን ደገፈችው።

በሐንፈሬ መኪና ድሬዳዋ ተመለሱ። ከዚራ ያለውን ቤት ለቀው ገንደ ቆሬ ውስጥ፣ በሩ በብረት ቁልፍ የሚከፈት፣ ውሃው በቦቴ የሚመጣ ቤት ተከራዩ። ኤልዳና ቤት ውስጥ ልብስ እየሰፋች ኖሩ። ያፌት በዚያ ቤት ሁለት ክረምት ኖረ። በዚያ ሁለት ክረምት ዕድሜውን ሙሉ ከተናገረው የበለጠ ተናገረ፤ ጠዋት የጀመረው ወግ ከሰዓት የሚያልቅበት ቀን ነበር። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ይጨነቁ ነበር፤ በኋላ እየተቀመጡ መጠበቅ ለመዱ። በሦስተኛው ክረምት መግቢያ ላይ ሞተ። ድምፁን ማንም አልቀዳውም። ኤልዳና ሐሳቡም አልመጣላትም ነበር፤ አጠገቧ የሚተኛ ሰው ድምፅ ይቀዳል እንዴ?

ከተዝካሩ በኋላ ከኩባንያው አንዲት ትሁት ወጣት መጣች። አጽናናቻት። ያፌት በዳሎል ሳለ የተነጋገራቸው ጥሪዎች በሙሉ ተቀምጠዋል፣ የተከፈተውን ስልክ ትታ አዲስ ብትይዝ ምሽት ምሽት ልትሰማው ትችላለች አለቻት። ብትፈልግ ድምፁ ይመልስላታልም፤ አዲስ ነገርም ይነግራታል። ከፈለገች መጥታ ትሞክር።

ኤልዳና እንቢ አላለችም። ናፍቆት እንቢ አያስብልም። ሳምንት ሙሉ ተመላለሰችበትና ወደ ቢሮው ሄደች። ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀምጠው ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረጉላት፤ ከጥሪዎቹ አንዱን ከፈቱላት።

«ኤልዳና፣ እንደምን አመሸሽ?» አለ።

ዐይኗን ጨፈነች። ሌላ ሰው ነው ብላ ልትንቀው ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ግን አልናቀችውም። ይህንንም ሰው በየምሽቱ እራት ሳትበላ ጠብቃዋለች። እሱም ናፈቃት።

ከዚያ አንዲት ሴት መለሰችለት። ሳቂታ፣ የረጋች፣ ደህና ነኝ የምትል ሴት። ምሽቱን አወቀችው፤ ያፌት ዕረፍቱን ጨርሶ የተመለሰበት ምሽት ነው። ያን ምሽት ኤልዳና ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ቃል እስኪያቅታት አልቅሳ ነበር። እያለቀሰች ነው ያናገረችው። እዚህ ላይ ግን ለቅሶ የለም። ያፌት የሰማው ይህቺን ሳቂታ ሴት ነው፤ በማግሥቱም በሚቀጥለውም፣ ስልኳን ካስከፈተች በኋላም እንኳ፣ የሰማው እሷን ብቻ ነው።

ጆሮዋ ላይ ያለውን አወለቀችና ወጣቷን ጠየቀቻት፦

«ከመነፋቱ በፊት ያለው የለም? የሱም የኔም።»

ልጅቷ ጥያቄው ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ከልቧ አዘነች።

«ወንፊት ላይ የቀረው አይቀመጥም፣ እትዬ» አለቻት። «ጉድፍ ነው እኮ።»

ኤልዳና አመስግናት ወጣች። ውጭ ነፋስ ተነስቷል፤ አቧራ ያዘለ፣ ሞቃት የድሬ ነፋስ። ሰዎች ጆሮና አፋቸውን ሸፍነው ጥግ ይፈልጋሉ። እሷ ሻሿን ከራሷ ላይ አወረደችና፣ ነፋሱን በሁለት ጆሮዋ እየሰማች፣ ቀስ ብላ ወደ ገንደ ቆሬ ሄደች።